እጸ ፋሪሱ ከጀርባችን እየበቀለ አትሮፒን ለምን ከውጭ ይመጣል?

ፋርማሲስቷ (ቸርችል ጎዳና)
ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው ከቸርችል ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ከጀርባችን ያለውን ባዶ ቦታ ክረምቱ ከገባ ወዲህ እጸ ፋሪስ ወርሶታል፤ እሾሃማ ፍሬውን አንጠልጥሎ ቆሟል። ሰሞኑን አንዲት እናት ለልጃቸው የታዘዘ የአትሮፒን የዓይን ጠብታ ፍለጋ ሲዞሩ ውለው እኛ ጋ ደረሱ፤ እኛም የለንም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እሳቸው ከወጡ በኋላ «ከጀርባ ቆርጠን በሰጠናቸው» ብሎ ቀለደ። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። አትሮፒን ከዚህ ተክል እንደሚገኝ ተምሬአለሁ። ተክሉ እንዴት እንደሚሠራው ግን ከፈተና በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀረም። የሚያመርተው ቅጠሉ ነው ፍሬው? ለራሱስ ምን ይፈይድለታል?

የገዳም ሰፈሩ
ሳይንሱን ለሚያውቁት ትቻለሁ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ንቀሉት፤ በጓንት። በነካችሁበት እጅ ዓይናችሁን እንዳታሹ።

የላብራቶሪው ጡረተኛ
ልጄ፣ ቅጠሉም ፍሬውም አይደለም፤ ሥሩ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የተማሪዎች ላብራቶሪ ውስጥ ቅጠል እየፈጨሁ፣ በአሞኒያ እያራስኩ፣ በክሎሮፎርም እያጠብኩ ነው። መጨረሻ ላይ ድራገንዶርፍ የሚባለው የአልካሎይድ (እንደ አትሮፒን ያለ፣ ናይትሮጅን ያለበት የተክል ንጥረ ነገር) መለያ ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት ብርቱካንማ ዝቃጭ ይወጣል፤ ተማሪውም ሪፖርቱ ላይ «ቅጠሉ አልካሎይድ ያመርታል» ብሎ ይጽፋል። እኔ ደግሞ በቀይ እሰርዛለሁ። ቅጠሉ ውስጥ ተገኘ እንጂ ቅጠሉ ሠራው ማን አለ?

ነገሩ የተጣራው በ1940ዎቹ ነው። ችግኝ ጣቢያዎች አቮካዶ በሚያዳቅሉበት መንገድ የቲማቲም ቅርንጫፍ በእጸ ፋሪስ ጉቶ ላይ ተዳቀለ። የቲማቲሙ ቅጠል አልካሎይድ ተገኘበት! ገልብጠው እጸ ፋሪሱን በቲማቲም ሥር ላይ ሲያቆሙት ደግሞ ቅጠሉ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ትምባሆም ላይ እንዲሁ ተሞክሮ፣ ኒኮቲን ከሥር እንደሚመጣ ታወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥሩ ኦርኒቲንና አርጊኒን ከሚባሉ አሚኖ አሲዶች ፑትሬሲን ያወጣል። ፑትሬሲን የትም ሕዋስ ውስጥ አለ፤ አዲስ ነገር አይደለም። እጸ ፋሪስ ግን አንድ የሜቲል ቡድን የሚለጥፍበት ኤንዛይም አለው፤ ከዚያች እርምጃ በኋላ መንገዱ ወደ ትሮፒን ቀለበት፣ ማለትም ወደ አልካሎይዱ ግማሽ አካል ነው። ሌላው ግማሽ አካሉ ከፌኒልአላኒን ይመጣል፤ ሁለቱ ተጋጥመው ሃዮሲያሚን ይሆናሉ። ከአፈር ከሚወጣው ውሃ ጋር ወደ ላይ ይጓዝና ቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ቫኪዩል የሚባለው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ አሲዳማ ስለሆነ አልካሎይዱ እዚያ ሲደርስ ኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ሙል የያዘ ነገር ደግሞ ሽፋኑን አልፎ መመለስ ይቸግረዋል። በነገራችን ላይ አትሮፒን የምንለው ይኸው ሃዮሲያሚን ስናወጣው ግማሹ ወደ መስታወት ምስሉ ሲገለበጥ የሚገኘው ድብልቅ ነው።

ለምን ይደክማል? ለመበላት ብሎ አይደለም፤ ላለመበላት ነው። ከብት አይነካውም። ከዘመዶቹ በደንብ የተጠናው ትምባሆ ነው፤ ትል ቅጠሉን ሲቆርጠው ጃዝሞኒክ አሲድ የሚባል መልእክት ወደ ሥር ይወርዳል፣ ሥሩም ኒኮቲን ጨምሮ ይልካል።

እንግዲህ የባልደረባሽ ቀልድ እዚህ ላይ ይፈርሳል። የደረቀ ቅጠል ውስጥ ያለው ጠቅላላ አልካሎይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 በመቶ አይዘልም፤ እሱም በዕድሜው፣ በአፈሩ፣ በተቆረጠበት ጊዜ ይለያያል። ስኮፖላሚን የሚባለው የሃዮሲያሚን ዘመድም ተደባልቆበታል። የአትሮፒን መርፌ አምፑል 1 ሚሊ ግራም ነው የሚይዘው፤ በዚህ መጠን የሚሠራን መድኃኒት በጭብጥ ቅጠል ልስፈር ማለት ሰው መግደል ነው። ስኮፖላሚንን ለገበያ የሚያቀርቡት በዋናነት አውስትራሊያ ውስጥ ከሚለማው ዱቦይሲያ ከሚባል ቁጥቋጦ ነው። በ2020 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ20 በላይ ፕሮቲኖች አስገብተው እርሾ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን እንዲሠራ አድርገዋል። እኛ ማልማት አንችልም አላልኩም። ዘር መርጦ፣ አጥርቶ፣ መጠኑን ለክቶ የሚያወጣ ፋብሪካ ግን ያስፈልጋል፤ ችግራችን ያለው እዚያ ላይ እንጂ ተክሉ ላይ አይደለም።

ጎጃሜው
ጋሼ፣ እኛ አገር ግብጦ ቆልተን ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት እንዘፈዝፈዋለን፣ መራራው እስኪለቅ። እሱም ከሥሩ ነው የሚወጣው? ኮሶስ?

የላብራቶሪው ጡረተኛ
ጥሩ ጠየቅህ፤ ሁሉም ተክል አንድ ሕግ የለውም። የግብጦው መራራ ሉፓኒንና ዘመዶቹ ናቸው፤ የሚሠሩት ቅጠሉ ውስጥ፣ ክሎሮፕላስት በሚባለው አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል ላይ፣ ላይሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ከዚያ ስኳር በሚወርድበት ቧንቧ ወደ ፍሬው ይሄዳሉ። ማለትም የእጸ ፋሪስ ተቃራኒ። ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው መዘፍዘፉ የሚሠራው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ስፓርቲን አንድ ጊዜ ለልብ ምት መዛባት ይሰጥ ነበር።

ኮሶን ግን ከዚህ ወገን አታስገባው። ትሉን የሚያስወጣው ንጥረ ነገር ናይትሮጅን የለበትም፤ ድራገንዶርፍ ብታደርግበት ብርቱካንማ አይሰጥህም። መራራ ሁሉ አልካሎይድ አይደለም፤ ይህንንም በቀይ ስሰርዝ ነው የኖርኩት።