የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ጽሑፍ ለማሻሻል፦ በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ ተማሪዎችና ጸሐፊዎች የቀረበ ጥቆማ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ተቀምጦ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ዛሬ የመማሪያ ዓይነት አያጣም፤ የቱን ቢያስቀድም እንደሚበጀው የሚነግረው ግን ብዙ ጊዜ ያጣል። የእኔ መመዘኛ አንድ ነው። የዐረፍተ ነገራችንን ስህተት አሳይቶ ራሳችን መልሰን እንድንጽፈው የሚያስገድደን መሣሪያ ያስተምረናል፤ አርሞ የሚያስረክበን ግን ሥራ ያቃልልልናል እንጂ ዕውቀት አይጨምርልንም።

ለሰዋስው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የሬይመንድ መርፊን «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ቢገዛ እመርጣለሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በካምብሪጅ የታተመው ይህ መጽሐፍ ማብራሪያውን በግራ ገጽ፣ መልመጃውን በቀኝ ገጽ ይዞ የተዘጋጀ ነው፤ መልሱም በስተኋላ ስላለ ያለ አስተማሪ ሊጠና ይችላል፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም ጥናቱ አይቋረጥም። ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነው ለመካከለኛ ተማሪ፣ «ኢሴንሺያል» የሚለው ባለ ቀይ ሽፋኑ ደግሞ ለጀማሪ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ መከታተል የከበደው ተማሪ ቀዩን ጨርሶ ወደ ሰማያዊው ቢሻገር እጅግ ይጠቅመዋል፤ ቀዩን መያዝም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ያገለገለ ቅጂ የምትገዙ ከሆነ የመልሱ ገጾች አለመቀደዳቸውንና መልመጃዎቹ በእስክሪብቶ አለመሞላታቸውን ከመክፈላችሁ በፊት ገልጣችሁ ተመልከቱ።

ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ግድ አይደለም፤ አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸውና ከእነዚያ መጀመር ይሻላል። እኛ «ቤቱ» ስንል የምንናገርለት ነገር ተለይቶ የታወቀ መሆኑን የምናመለክተው በስሙ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ግን ከስሙ በፊት «ዘ» (the) የሚል ራሱን የቻለ ቃል ያስቀምጣል፤ ነገሩ ተለይቶ ባይታወቅም እንኳ ነጠላ ስምን ብዙውን ጊዜ ባዶውን አይተወውም። «ትናንት የመጣው ልጅ» በሚለው አነጋገር ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ ረጃጅም ዐረፍተ ነገር ስንጽፍ የሚወሳሰብብንም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለማይለይም የትልልቅ ፊደላት አጠቃቀም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳይቀር ያስቸግራል። እነዚህን ሦስቱን ያስተካከለ ተማሪ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ሲጠራ ያያል።

በነጻ ከሚገኙት መካከል ለጽሑፍ የማስቀድመው የብሪቲሽ ካውንስልን «ለርን ኢንግሊሽ» ድረ ገጽ ነው። የጽሑፍ ክፍሉ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ ደረጃ ተከፋፍሎ፣ ኢሜይል፣ ማመልከቻና ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ በናሙናና በመልመጃ ያሳያል። የቢቢሲ «ስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ» የተባለው የድምፅ ዝግጅት ደግሞ ድምፁ ከነጽሑፉ ስለሚወርድ ለጆሮና ለቃላት ይረዳል፤ ሰዋስው ለማጥናት ብቻ የሚፈልገው ሰው ግን በቂ ሆኖ አያገኘውም።

ወደ አስጠኚዎች ስንመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን የሚፈትነው በምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ብዙ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚያተኩረው ትክክለኛውን ፊደል በመምረጥ ላይ ነው። ተማሪው መልሱን መለየት ይለምዳል፤ አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ግን እጁ ይታሰራል። ስለዚህ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ልጁ የጻፈውን አንድ ገጽ ስጡትና እንዴት እንደሚያርም ተመልከቱ። ስህተቱን አስምሮ ምክንያቱን ከነገረውና እንደገና እንዲጽፍ ካዘዘው ቅጠሩት፤ ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ ራሱ ከጻፈለት ሌላ ፈልጉ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ እንዲህ ያለው ማዕከል በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚቋቋመው ለዚሁ ተግባር ነውና።

«ግራመርሊ» እና «ላንጉዌጅቱል» የሚባሉት ማረሚያዎች ነጻ አገልግሎት አላቸው። የመጀመሪያው ማብራሪያው ለተማሪ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ ሌላ ብዙ ቋንቋዎችን ያርማል። ሁለቱንም የምመክረው ረቂቁ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ እርማቱንም ከመቀበላችሁ በፊት ምክንያቱን አንብቡ። ድርሰቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ ግን ሊማርበት የሚገባውን ሥራ ለሌላ መስጠቱን ይወቅ።

ለልብ ወለድ ጸሐፊዎች እነዚህ ማረሚያዎች ሌላ ችግር አላቸው። ሆን ተብሎ የተቆረጠን ዐረፍተ ነገር እንደ ስህተት ይቆጥራሉ፤ የገጸ ባሕርይን አነጋገር ሊያለሰልሱ ይሞክራሉ። የአንኮበር ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ሲናገር ለዛው እንዲጠበቅ የሚፈልግ ጸሐፊ ከማሽኑ ይልቅ ቀደም ብሎ ይህን የሞከረ ደራሲ ያንብብ፤ ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደብረ ሲናው ተወላጅ ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ በአማርኛ «አደፍርስ»ን ከጻፉ በኋላ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን አሳትመዋል። የታመሙት ፊታውራሪ ወደ ዝቋላ የሚያደርጉትን ጉዞ የሚተርከው ይህ ልብ ወለድ የአገራችን ንግግር በባዕድ ሰዋስው ውስጥ እንዴት ሊቆም እንደሚችል ያሳያል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ለጀማሪ ጸሐፊ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አስጠኚ በማይገኝበት ወረዳ የምትኖሩ ሁለት ወይም ሦስት ጸሐፊዎች ረቂቃችሁን በቴሌግራም ተለዋወጡ። አንባቢው ያልገባውን ቦታ ብቻ ያመልክት፤ ማስተካከያውን ባለቤቱ ይጻፍ።