የደንበኛ ማንነት ጥበቃ የጋራ ደንብ፦ ረቂቅ 3 ላይ ውይይት
(አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚያሻሽጡና ብድር የሚያመቻቹ ኢትዮጵያውያን ማኅበር የስልክ ግሩፕ። ሎን ኦፊሰር ብድር አመቻች ነው፤ ታይትል ቤት የቤትና የመሬት ባለቤትነት ሰነድ አጣሪ፤ «የአሌክሳንድሪያው»ና «ቦውይ» በከተማቸው ስም የሚጠሩ አባላት።)

ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)
ረቂቅ 3 ይኸው። ባለፈው የተጨቃጨቅንበትን የቅጣት ክፍል አውጥቼዋለሁ፤ እሱን አታንሱብኝ። የቀረው ቀላል ነው። ሞርጌጅ የሚሠሩ፣ ትንሽ ቢሮ ያላቸው አባሎቻችን ለየራሳቸው እያስተካከሉ የሚጠቀሙበት አንድ የጽሑፍ ደንብ ይኑረን። የደንበኛን ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር)፣ ታክስና የባንክ ወረቀት ማን ያያል? የት ይቀመጣል? መቼ ተቀዶ ይጣላል? አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ለማን ይነገራል? ለጠበቃ 1,800 ዶላር፣ ለሥልጠና አዳራሽ 600። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ። ዝም ያለ ተስማምቷል ብዬ እይዛለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ካዝናው ውስጥ 3,150 ዶላር አለ። ይሄ ከወጣ 750 ይቀራል። 11 ሰው የዘንድሮን 150 ዶላር መዋጮ አልከፈለም። ስም አልጠራም። ለዛሬ።

የአሌክሳንድሪያው
እኔ ኤጀንት ነኝ። የገዢ ክሬዲት ሪፖርት (የብድር ታሪክ) አላወጣም፣ ብድር አላመቻችም። የማንነት ስርቆት ሕጉ እኔን አይመለከትም። በእኔ መዋጮ ለሎን ኦፊሰሮች ጠበቃ የምንቀጥረው ለምንድነው?

ሎን ኦፊሰሯ
ግማሹ እውነት ነው። ሬድ ፍላግስ ሩል የሚባለው የማንነት ስርቆት መከላከያ ደንብ ከ2003ቱ ሕግ የመጣ ነው። ደንቡ በ2007 ወጣ፤ ኤፍቲሲ፣ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን፣ ደግሞ ማስፈጸሙን እያራዘመ እያራዘመ 2010 መጨረሻ ላይ ደረሰ። በዚያው ዲሴምበር ኮንግረስ አጠበበው። አሁን የሚይዘው በመደበኛ ሥራው ለብድር ብሎ ክሬዲት ሪፖርት የሚያወጣውን፣ ለክሬዲት ቢሮ መረጃ የሚሰጠውን ወይም ገንዘብ የሚያበድረውን ነው። ቤት ብቻ የሚያሻሽጥ ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም። እኔ እገባበታለሁ። ግን ወንድሜ፣ ሲጣል ተቀዶ ይጣል የሚለው ደንብ ሌላ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ክሬዲት ሪፖርት ለሥራው የተጠቀመን ሁሉ ይመለከታል። ላከራየኸው ቤት ተከራይ ስታስገባ ክሬዲት ታያለህ አይደል? ወረቀቱን የት ነው የምትጥለው?

የአሌክሳንድሪያው
አልጥለውም።

ሎን ኦፊሰሯ
እና የት አለ?

የአሌክሳንድሪያው
መኪናዬ ትራንክ ውስጥ። ከኦፕን ሃውስ ምልክቶቹ ሥር። ይቆለፋል እኮ።

ቦውይ
😂😂

የድሮው ብሮከር
ረቂቁን አነበብኩት። ገጽ 2 ላይ «26ቱ ቀይ ባንዲራዎች» ይላል። ይህን የጻፈው ማነው? ቀይ ባንዲራ የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም።

አዲስ ላይሰንስ
እኔ ነኝ የተረጎምኩት ጋሼ። ሬድ ፍላግ ማለት ነው፤ የማንነት ስርቆት ሲኖር የሚታይ ምልክት። መንግሥት በምሳሌነት 26 ዘርዝሯል። ሰኞና ማክሰኞ ሌሎቹን ጨርሼ ረቡዕ ጠዋት እለጥፋለሁ።

የድሮው ብሮከር
ልጄ፣ እንግሊዝኛውን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ላይሰንስ ሳወጣ አንቺ አልተወለድሽም። እኔ የምለው ስለ አማርኛው ነው።

ቦውይ
ጋሼ፣ ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ! አሁን እኛ ስለ ዋየር (የባንክ ዝውውር) ማጭበርበር እያወራን ነው፣ እርስዎ ስለ ባንዲራ።

የድሮው ብሮከር
አንተ እንደዚህ ትላለህ። አባትህ እንደዚህ አይልም።

ቦውይ
አባቴን እዚህ ማግባት አያስፈልግም።

ጸሐፊ (ማክሰኞ)
እባካችሁ። «የጥርጣሬ ምልክት» ብንለውስ?

የአሌክሳንድሪያው
ደንበኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ «የጥርጣሬ ምልክት» የሚል ቅጽ ልሙላ? ሰውየው ተነስቶ ይሄዳል። ኮሚሽኑም አብሮ።

ታይትል ቤት
ቀይ መብራት በሉት። ቁም ማለት ነው።

ገንዘብ ያዥ
ቀይ መብራት? አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ቢያነብ ምን ዓይነት ማኅበር ነው የሚለን?

ቦውይ
ቢጫ ካርድ። ሁለት ቢጫ ሲሆን ፋይሉ ይወጣል። አለቀ።

የአሌክሳንድሪያው
ቢጫ ካርድ ጥሩ ነው። ዳኛው ማነው ግን?

የድሮው ብሮከር
ቀልዱ።

ሎን ኦፊሰሯ
ስሙን ተዉትና ምልክቶቹን ተመልከቱ። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ዝርዝሩ ላይ ምን አለ? ስም ከሰነድ ሰነድ የማይገጥም። የልደት ቀን ከሶሻሉ ጋር የማይሄድ። አድራሻ ከክሬዲት ሪፖርቱ የሚለይ። እስቲ የእኛን ሰው አስቡት። ባልና ሚስት ናቸው፤ የአባት ስማቸው አይገናኝም፣ ሊገናኝም አይችልም። ፓስፖርቱ ላይ አያቱ ላስት ኔም ሆነዋል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ አባቱ። «ፀሐይ»ን አንዱ ወረቀት በአይ ይጨርሳታል፣ ሌላው በዋይ። ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው፤ የወንድሙም ጃንዋሪ 1 ነው፤ የሚስቱም ጃንዋሪ 1 ነው። በስደት የመጣን ሰው ልደት መዝጋቢው ሳያገኘው ሲቀር እንደዚያ ነው የሚሞላው። አንድ ጊዜ ብድሩን የምታጣራው አንደርራይተር ደውላ «እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ሦስት ሰዎች ናቸው?» ብላኛለች። የመንግሥትን ዝርዝር እንዳለ ገልብጠን ደንብ ካደረግነው ደንበኞቻችንን በሙሉ ሌባ አደረግናቸው ማለት ነው። ጭራሽ ካላየነው ደግሞ እውነተኛው ሌባ በእኛ ስም አጻጻፍ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። አሳልፌ አውቃለሁ። የአጎቱን ልጅ ሶሻል ይዞ የመጣ ነበር፤ ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለየው፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው «አጻጻፍ ነው» ብዬ በራሴ እጅ ማብራሪያ ደብዳቤ አስጻፍኩት። የታወቀው ክሎዚንግ (ሽያጩ የሚፈረምበት ቀን) ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ለጠበቃ 1,800 የሚከፈለው ለዚህ ነው። የትኛው የስም ልዩነት በምን ወረቀት ይጣራል የሚል አንድ ገጽ።

ታይትል ቤት
ትክክል። ከእኛ በኩል ደግሞ ውክልና አለ። ባዶ መሬት እሸጣለሁ ብሎ በኢሜይል ብቻ የሚመጣ፣ ቪዲዮ የማይከፍት፣ ከገበያ ዋጋ በታች ጠይቆ ቶሎ ቶሎ የሚል ሰው፣ ያንን አሁን ሁሉም ያውቀዋል። ባለመሬቱ ራሱ ሳያውቅ ነው መሬቱ የሚሸጠው። ችግሩ የእኛ እውነተኛ ባለቤትም እንደዚሁ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ተቀምጧል፣ ሰዓቱ አይገጥምም፣ ኔትወርክ የለም፣ ውክልናውን በወንድሙ እጅ ልኳል፣ ገንዘቡን ቶሎ ይፈልገዋል። አሁን እኔ ኤምባሲው ያረጋገጠለትን ብቻ ነው የምቀበለው፣ በዚያ ላይ በካውንቲው መዝገብ ላለው የድሮ አድራሻ ደብዳቤ እልካለሁ። ስንቱ ሰድቦኛል መሰላችሁ።

ቦውይ
እሺ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ርዕሱ ምን ይባል?

የአሌክሳንድሪያው
«ማንቂያ»።

ገንዘብ ያዥ
ማንቂያ የስልክ ማንቂያ ነው የሚመስለው።

አዲስ ላይሰንስ
«ደወል» ብንለውስ? 26ቱ ደወሎች።

ቦውይ
የቅዳሴ ነው ወይስ የትምህርት ቤት? ጋሼ ካልተስማሙ ግን እስከ ፋሲካ እንቀመጣለን።

የድሮው ብሮከር (ረቡዕ)
ሌሊት አሰብኩበት። እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ተቆጥቼ ከሆነ ይቅርታ። በ1970፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ታላቅ ወንድሜ ነው የተወሰደው። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የቀበሌው በር ላይ ያ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ እስክትሞት በዚያ መንገድ አልሄደችም። ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ሬድ ፍላግ በሉት፣ ግድ የለኝም። በአማርኛ ግን አታስነብቡኝ።

ቦውይ
ጋሼ ይቅርታ። አላወቅኩም። አጥፍቻለሁ።

የድሮው ብሮከር
ከየት ታውቃለህ። ይለፍ።

ጸሐፊ
እንግዲያው «ሬድ ፍላግ» ብለን በፊደላችን እንጻፈው። ተዘጋ። አሁን ወደ ጠበቃው። አዲስ ላይሰንስ፣ ረቡዕ ነው ዛሬ፣ ትርጉሙ ደረሰ?

ጸሐፊ
@አዲስ ላይሰንስ?

ቦውይ
[ፎቶ]

ሎን ኦፊሰሯ
አጥፋው! አሁኑኑ!

የአሌክሳንድሪያው
ምን ላከ? አላየሁም።

ሎን ኦፊሰሯ
አትክፈተው! የደንበኛ ሶሻል ካርድ ነው። ቦውይ፣ አጥፋው እኮ ነው የምልህ!

ቦውይ
አጠፋሁ አጠፋሁ። የብድር ፋይሉን ለሚያዘጋጀው ፕሮሰሰሬ ልልክ ነው ያልኩት፤ ይሄ ግሩፕ ከላይ ነበር። ውይ።

ሎን ኦፊሰሯ
እኔ አይቼዋለሁ። ሰውየው ካርዱን ረከቦት ላይ አስደግፎ ነው ያነሳው። ዘጠኙም ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ሲኒው ውስጥ ያለው የቡና አተላ ሳይቀር ይታያል። እዚህ 64 ሰው ነን። የስንታችን ስልክ የመጣውን ፎቶ በራሱ ጋለሪ ውስጥ ያስቀምጣል? የእኔ ያስቀምጣል። አሁን ገብቼ አጠፋሁ። ሁላችሁም ገብታችሁ አጥፉ።

ቦውይ
ለኤፍቲሲ ማሳወቅ አለብኝ?

ሎን ኦፊሰሯ
ከሜይ 2024 ጀምሮ ያለው የፌዴራሉ ግዴታ 500 እና ከዚያ በላይ ሰው ሲነካ ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ። አንድ ሰው እዚያ አይደርስም። የስቴቱን ሕግ ግን ድርጅትህን ጠይቅ፤ ዛሬውኑ ንገራቸው። ደንበኛህንም ራስህ ደውልለት፣ ከሌላ ሰው አይስማ። ክሬዲቱን በሦስቱም ክሬዲት ቢሮ ፍሪዝ ያድርግ (ይዝጋ)፣ ከ2018 ጀምሮ ነጻ ነው። ግን ብድር ላይ ስለሆነ አበዳሪው ድጋሚ ሲያወጣ ለጊዜው መክፈት አለበት። እሱን ካልነገርከው ክሎዚንግህ ይቆማል።

ቦውይ
እሺ። ልደውል። አፈርኩ።

የድሮው ብሮከር
አይዞህ። እኔ በፋክስ ዘመን የአንዱን ታክስ ፒዛ ቤት ልኬ አውቃለሁ። ደውለው «ቺዝ ይጨመርበት ወይ» አሉኝ።

የአሌክሳንድሪያው (ሐሙስ)
ይህን ያህል ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርጋል? ችግሩ ደንቡ አይደለም፣ ሰው ሶሻሉን በስልክ መላኩ ነው። እኛም ተቀባዮች ነን። ለሕዝባችን እንንገር። በጁላይ ለኢትዮጵያውያኑ የኳስ ውድድር ሁሉም ይመጣል። አንድ ድንኳን እንከራይ፣ በራሪ ወረቀት እናድል። «ሶሻልህን ፎቶ አንስተህ አትላክ። የዋየር ቁጥር በኢሜይል ተቀየረ ሲሉህ በምታውቀው ስልክ ደውል።» የእያንዳንዳችን ቢዝነስ ካርድ ከጎኑ።

ገንዘብ ያዥ
ድንኳኑ ከጠበቃው ይረክሳል?

የአሌክሳንድሪያው
ይረክሳል ብዬ ነው የማስበው። ስፖንሰርም ይገኛል።

ታይትል ቤት
እኛ ልንከፍል እንችላለን፣ ግን ለኤጀንት የሚሆን ነገር በነጻ ስንሰጥ ሬስፓ የሚባለው ሕግ አለ። ደንበኛ ለማምጣት የተሰጠ ጥቅም እንዳይባል። ድርሻችንን ብቻ፣ ስማችን ባለበት ልክ።

ቦውይ
ደንበኛዬን አናገርኩት። አልተቆጣም። «አንተም እኮ ነህ ላክልኝ ያልከኝ» ነው ያለኝ። ድንኳኑን እደግፋለሁ። ወረቀት በምስጢር የሚላክበት ሊንክም ለሁሉም ደንበኛ መላክ ጀምሬያለሁ።

ሎን ኦፊሰሯ
ድንኳኑ ይሁን። ግን የስም ልዩነቱ ገጽስ? በጽሑፍ ያለ ደንብስ? ኦዲት ሲመጣ በራሪ ወረቀት ነው የማሳየው?

የአሌክሳንድሪያው
እሱ በሁለተኛ ዙር።

ጸሐፊ (ዓርብ)
ድምፅ፦ ድንኳን 19፣ ጠበቃ 7፣ ሁለቱም 4፣ ባላንስ ስንት ነው የሚል 1። እንግዲህ ድንኳን ነው። ጠበቃ የመረጣችሁት 7 ሰዎች የስሙን ገጽ በራሳችሁ ጀምሩት፣ ሎን ኦፊሰሯ ትመራዋለች።

ሎን ኦፊሰሯ
ማን ጠየቀኝ?

ጸሐፊ
አዲስ ላይሰንስ 26ቱን ስትጨርስ ትረዳሻለች። ያያት አለ?

ታይትል ቤት
ትናንት ኦፕን ሃውስ ላይ አይቻታለሁ። ደህና ናት።

የአሌክሳንድሪያው
ባነሩን እኔ አሠራለሁ። ነጭ መደብ፣ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ።

ቦውይ
መሃሉ ላይ ባንዲራችንን እናድርግ፣ ከሩቅ እንዲታይ።

የድሮው ብሮከር
ይሄኛውን እፈርማለሁ። ልሙጡን ነው አይደል?

የአሌክሳንድሪያው
ለምን ልሙጡን? ኮከብ ያለው ነው እንጂ።

ገንዘብ ያዥ
ስለ ኮከብ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ 150 ዶላሩን ይክፈል። አሁን ስም መጥራት ልጀምር ነው።