መጽሐፍ ነክ የእጅ ሥራ ልውውጥ ላይ የቡድን ጥያቄና መልስ ለማዘጋጀት ምክር እንፈልጋለን

ዕልባት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሦስት ወሩ የምንገናኝ 28 አባላት ነን። እያንዳንዱ ሰው ካነበበው መጽሐፍ ተነስቶ አንድ ነገር በእጁ ይሠራል፦ ዕልባት፣ የመጽሐፍ ልባስ፣ የጨርቅ ቦርሳ፣ ኪሮሽ። ከዚያ እንለዋወጣለን። በሚቀጥለው ዙር የቡድን ጥያቄና መልስ ልንጨምርበት አስበናል። አዳራሹን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አግኝተናል፤ ፕሮጀክተር የለም። ግማሹ አባል አንባቢ ነው፣ ግማሹ የሚመጣው ለእጅ ሥራው ነው። የምንሰጋው አንባቢዎቹ ብቻ ተጫውተው ሌላው ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ስንት ቡድን ይሁን? ስንት ጥያቄ? ውድድሩ ይቅደም ወይስ ልውውጡ? ያሸነፈው ቡድን ከልውውጡ ጠረጴዛ ቀድሞ ይምረጥ የሚል ሐሳብም ቀርቧል፤ ምን ትላላችሁ?

ጥራዝ

ሰባት ቡድን፣ በየቡድኑ አራት ሰው አድርጉ። ስድስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከከበበ ሁለቱ ዝም ማለታቸው አይቀርም። ለአንድ ቡድን አንድ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት ብቻ ስጡ፤ ሁለት እስክሪብቶ ካለ ሁለት መልስ ይጻፍና «የትኛው ነው?» የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል።

ለማደባለቁ ክር ይበቃችኋል። በሩ ላይ ሁለት ካርቶን አስቀምጡ፤ አንዱ ላይ «መጽሐፍ ይበልጥብኛል»፣ ሌላው ላይ «እጅ ሥራ ይበልጥብኛል» ብላችሁ ጻፉ። ሰባት ዓይነት ቀለም ያለው ክር ውሰዱና ከየቀለሙ 20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ቁረጡ፤ ሁለቱን አንዱ ካርቶን ውስጥ፣ ሁለቱን ሌላው ውስጥ ክተቱ። የሚገባው ሰው ራሱን ከመደበበት ካርቶን ሳያይ አንድ ክር ይስባል። ቀይ የደረሳቸው አራቱ አንድ ቡድን፣ ቢጫ የደረሳቸው ሌላ ቡድን። እንዲህ ሲሆን በየቡድኑ ሁለት አንባቢና ሁለት የእጅ ሥራ ሰው ይገኛል፤ ማንም ማንንም «አንተ አታነብም» አይለውም። ጥቁርን ከጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭን ከክሬም ጋር አብራችሁ አትጠቀሙ፤ አዳራሹ ደብዘዝ ካለ አይለዩም። አንደኛው ካርቶን ቀድሞ ካለቀ የቀሩት ከሌላው ይሳቡ። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ሰው ወደ ጎደለበት ቡድን ይግባ እንጂ ለእሱ ተብሎ አዲስ ቡድን አይቋቋም።

ጥያቄው አራት ዙር፣ በየዙሩ ስምንት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲነበብ 30 ሰከንድ፣ ለመመካከር 45 ሰከንድ። ስምንቱ 10 ደቂቃ ይወስዳሉ። ወረቀት ተለዋውጦ ለማረም 5 ደቂቃ ጨምሩበት። አራቱ ዙር አንድ ሰዓት፣ ከሁለተኛው ዙር በኋላ 15 ደቂቃ እረፍት፤ በጠቅላላ ሰዓት ከሩብ። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ከጀመራችሁ ሩብ ጉዳይ ለ10 ታልቃላችሁ፤ ከዚያ ለልውውጡ አንድ ሰዓት፣ ለማጽዳት ሩብ ሰዓት ይተርፋችኋል።

ውድድሩ የግድ ይቅደም። ሰው ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ ፎቶ ያነሳል፣ ያሳያል፣ «መሸብኝ» ብሎ ይሄዳል፤ መልሶ ማስቀመጥ ከባድ ነው።

ፕሮጀክተር ባይኖር ምንም አይደለም፤ እንዲያውም መብራት ቢጠፋ የሚያቋርጣችሁ ነገር አይኖርም። የመልስ ወረቀት ግማሽ ኤ4 ይበቃል። ለሰባት ቡድን በአራት ዙር 28 ነው፤ 16 ኤ4 ለሁለት ብትቆርጡ 32 ይሆንና አራት መጠባበቂያ ይኖራችኋል። የቡድኑ ስምና የዙሩ ቁጥር የሚጻፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ስም አልባ ወረቀት ሲገኝ ነው ነጥብ ቆጣሪው የሚደናገረው።

መዝገብ

ጥራዝ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ጥያቄ አወጣጡ ልጨምር፤ ውድድር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ይኑረው። ያ መልስ ደግሞ ከመጽሐፉ ከራሱ የተረጋገጠ ይሁን፤ የርዕስ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ለዳኛው ስጡት። በአማርኛ ጥያቄ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የዘመን አቆጣጠር አንዱ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ 1908 የሚል ቡድን ይመጣል፣ እሱም አልተሳሳተም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጥያቄው ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ሁለቱንም መቀበል ግዴታችሁ ነው። ከዚህ የሚሻለው ዓመት ከመጠየቅ ቅደም ተከተል መጠየቅ ነው፦ «ኦሮማይ፣ ጦቢያ፣ ፍቅር እስከ መቃብር፤ መጀመሪያ ከታተመው ጀምራችሁ ደርድሩ።» መልሱ 1900፣ 1958፣ 1975 ነው፤ ዓመቱን በልቡ ያልያዘ ሰውም አስቦ ይደርስበታል።

ስም ሌላው ነው። «ሐዲስ የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ማን ነው?» ብትሉ በርከት ያለ ሰው «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ጸሐፊው በዓሉ ግርማ ነው። ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ግን የደራሲ ስም የመጽሐፍ ርዕስ መስሎ ወይም ርዕሱ ስም መስሎ እንዳይሰማ አንባቢው «ሐዲስ የተባለውን ልብ ወለድ» የሚለውን ቀስ ብሎ ያንብበው። ለደራሲ መልስ ስምና የአባት ስም ይጠየቅ፤ አንድ ስም ብቻ ቢጻፍ ግማሽ ነጥብ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይነገር።

ሦስተኛው ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ፤ በየትኛውም ይጻፍ፣ ነጥብ አይቀነስበት። ይህ የሥነ ጽሑፍ ጨዋታ እንጂ የቃል ጽሕፈት ፈተና አይደለም።

ከስምንቱ ሦስቱ ሁሉም የሚያውቀው ይሁን፣ ሦስቱ ከቡድኑ አንድ ሰው የሚያውቀው፣ ሁለቱ ጠንካራ። ለቀላሉ «ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ የተረከው ማን ነው?» ይሆናል፤ ወጋየሁ ንጋቱ። ለመካከለኛው «ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሰው ባለቅኔ?» ጸጋዬ ገብረ መድኅን። የገጽ ብዛት በፍጹም አትጠይቁ፤ በየእትሙ ይለያያል። የታሪኩን መጨረሻ የሚያወጣ ጥያቄም አታስገቡ፤ ገና መሀሉ ላይ የደረሰ አባል ይኖራችኋል።

ሁለተኛውን ዙር ለፊደል ብትሰጡት ሁሉንም ያሳትፋል። የመጽሐፍ ርዕስ ወስዳችሁ ሁሉንም ፊደል ወደ ግዕዝ መልሱት፣ ማለት ሁሉም እንደ ሀ፣ ለ፣ መ ይጻፍ። «ፈቀረ አሰከ መቀበረ» ፍቅር እስከ መቃብር ነው። «ከአደመሰ በሸገረ» ከአድማስ ባሻገር። «የቀየ ከከበ ጠረ» የቀይ ኮከብ ጥሪ። «አረመየ» ኦሮማይ። አጭሩ ይበልጥ ያስቸግራል፤ «ጠበየ»ን ብዙዎች ጸጥ ብለው ያዩታል። ስምንቱን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉም እኩል አድሉና ስድስት ደቂቃ ስጡ። ልብ ወለዱን ያላነበበም ርዕሱን ሰምቷልና ይፈታዋል።

ለመጨረሻው ዙር ደግሞ መጽሐፍንና እጅ ሥራን የሚያገናኝ ከእኛው ብራና የተሻለ ርዕስ የለም። ጌጥ የታተመበት የቆዳ ገበታ ልባስ ምን ይባላል? ድጉስ። መጽሐፉ የሚገባበትና የሚንጠለጠልበት የቆዳ መያዣስ? ማኅደር። ከገጹ ራስ ላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ? ሐረግ። ጸሐፊው ቀይ ቀለም የሚያነሳው መቼ ነው? ቅዱሳት ስሞችንና አርእስትን ሲጽፍ። እዚህ ዙር ላይ ኪሮሽና ቆዳ የሚሠሩት ሰዎች አንባቢውን ይቀድሙታል።

ሰፈርተኛ

ጥሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። በሽልማቱ ላይ ግን አሸናፊው ቀድሞ ቢመርጥ ምን ችግር አለው? ውድድሩ እንዲሟሟቅ ያደርጋል።

መርፌና ክር

ወንድሜ ሰፈርተኛ፣ ችግሩ አለ። ልውውጥ ማለት አንድ ሰጥቶ አንድ መውሰድ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ጥልፍ የሠራች ሴት የጸሐፊ ስም ስላላወቀች መጨረሻ ትምረጥ ከተባለ፣ ቀጣዩ ዙር ላይ ድካሟን ትቀንሳለች፣ ወይም ትቀራለች። የምርጫው ተራ በዕጣ ይሁን፣ ከ1 እስከ 28 ቁጥር ተጽፎ። ለአሸናፊው ቡድን ለየአባሉ አንድ ጥቅል ክር ስጡ፤ በዚያ ላይ የሚቀጥለውን ዙር መጽሐፍ የመምረጥ መብት ጨምሩላቸው። ከሁሉ የሚፈለገው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዙር፤ የልውውጡ ዕቃዎች ራሳቸው ጥያቄ ይሁኑ። ሰባት ዕቃ በሰባት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ቡድኑ ዕቃውን አይቶ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተነሳ ይገምታል። በአንድ ጠረጴዛ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ፉጨት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። ሠሪው መልሱን ያውቃል ትሉኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰባቱን ዕቃ ስትመርጡ ከየቡድኑ አንድ አንድ ውሰዱ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የሚያውቀው ይኖረዋል፤ ስለዚህ ማንም አይበልጥም። ምርጫው እንግዲህ ክሩ ከተሳበ በኋላ ነው የሚሆነው፤ በእረፍቱ ላይ ሥሩት። በዚህ ምክንያት ይህ ዙር ስምንት ሳይሆን ሰባት ጥያቄ ነው፤ ጠቅላላው 31 ይሆናል።

እያንዳንዱ አባል ዕቃውን ሲያስረክብ የመጽሐፉን ርዕስ በትንሽ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ በፖስታ ለዳኛው ይስጥ። ዕቃው ላይ ርዕስ አይጻፍ። ከታሪኩ ቢያንስ ሁለት ምልክት ይኑረው፤ ቀይ ኮከብ ብቻ የጠለፈ ሰው በጣም ቀላል አድርጎታል፣ ሰማያዊ ብቻ የሠራ ደግሞ ማንም አያገኝለትም።

ስለ ዕልባት አንድ ነገር፣ ሁሌም የሚሳሳቱት ስለሆነ። ወርዱ 4 ወይም 5፣ ርዝመቱ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በቀጭን የጥጥ ክር ይሠራ። በሹራብ ክር የተሠራ ዕልባት ያብጣል፤ መጽሐፉ አይዘጋም፣ ሙጫ ጥራዝ ከሆነ ጀርባው ይሰነጠቃል። ጠርዙ እንዳይጠቀለል በስታርች ነክሮ፣ በፎጣ ላይ በእስፒል ወጥሮ ማድረቅ ነው። ዶቃና አዝራር ገጽ መሀል የሚውለው ቦታ ላይ አይሰፋ፣ ወረቀቱ ላይ ጉድጓድ ያወጣል፤ ከላይ በሚወርደው ዘርፍ ላይ ይንጠልጠል። በሙጫ የተለጠፈ ነገር ከዋዜማው በፊት ተሠርቶ ይደር። እርጥብ ሙጫ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጣብቆ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ቡናው ደግሞ ከዕቃው ጠረጴዛ ሁለት ሜትር ይራቅ። የፈንዲሻ ዘይት ከጥልፍ አይለቅም። ቆይታውንም አስሉት፤ 15 ደቂቃ እረፍት ላይ ቆልቶ ማድረስ አይቻልም። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ይቆላ፣ አቦሉ ለእረፍቱ ይደርሳል፣ ቶናው ልውውጡ ላይ ይጠጣል። በረካውን የሚያጸዱት ይጠጡት።

ዕልባት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። የግዕዙን ፊደል ጨዋታ ለአስተባባሪዎቹ ላሳይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዲት አባላችን ዋሽንግተን ያደገች ናት፤ አማርኛ ትናገራለች፣ ፊደል ግን በዝግታ ነው የምታነበው። ሁለተኛ፣ «መልሳችን ልክ ነው» የሚል ክርክር ሲነሳና ነጥብ እኩል ሲሆን ምን እናድርግ?

መዝገብ

ለእህታችን፦ ጸሐፊዋ ሌላ ሰው ትሁን፤ ጥያቄው በድምፅ ስለሚነበብ ሦስቱ ዙር ላይ አትቸገርም። የፊደሉ ዙር ላይ ቡድኑ እያንዳንዱን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ «ፈቀረ አሰከ መቀበረ» ሲባል የሰማ ጆሮ ካየ ዓይን ሊቀድም ይችላል። ጠያቂው ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ቃል አይለውጥ፤ «ለማብራራት» ብሎ ሲጨምር ነው ሁለት ዓይነት ጥያቄ የሚሆነው።

ለክርክር፦ ተቃውሞ በቃል አይሰማም። ቡድኑ በወረቀት ጽፎ ቀጣዩ ዙር ከመጀመሩ በፊት ለዳኛው ይሰጣል፤ ካለፈ አለፈ። ዳኛው አንድ ሰው ይሁን፣ በየትኛውም ቡድን የሌለ። ስለዚህ ከ28ቱ አንዱ ዳኛ ከሆነ አንዱ ቡድን ሦስት ይሆናል፤ ጠያቂውም ዳኛው ራሱ ቢሆን ሁለተኛ ሰው አታጡም። ጥያቄው ራሱ ስህተት ከሆነ ሰርዙት። ለሁሉም ነጥብ መስጠትም ለደረጃው ያው ነው፣ ግን «ያልመለሰው ለምን ያገኛል?» የሚል አዲስ ክርክር ይወልዳል። ለየዙሩ ሁለት መጠባበቂያ ጥያቄ ያዙና በተሰረዘው ፈንታ አንዱን አንብቡ።

ስልክ ፊቱ ተደፍቶ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጥ። ሰብስቦ መያዝ ግን አያስፈልግም፤ የጠፋ ስልክ ኃላፊነት ይመጣባችኋል።

መርፌና ክር

ነጥብ እኩል ሲሆን አዝራር ያዙ። አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ከ150 እስከ 250 የሚደርስ፣ ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለ አዝራር አድርጉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠሩት፤ ቁጥራቸው ካልገጠመ እንደገና። ቁጥሩ በፖስታ ታሽጎ ዳኛው ጋ ይቆይ። እኩል የሆኑት ቡድኖች 30 ሰከንድ አይተው አንድ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ከላይም ይሁን ከታች የቀረበው ያሸንፋል። ክዳኑን በፕላስተር እሰሩት፤ ልጆች ይዞ የሚመጣ አባል አይጠፋም፣ አንድ አዝራር ከወጣ ቆጠራው ተበላሸ።