ኡቡንቱን ካጠፋሁ በኋላ ዊንዶውስ አልነሳ አለኝ፤ ፎርማት ሳይደረግ መፍትሔ አለው?

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጬ
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ኤችፒ ነው። የእህቴ ልጅ ከዊንዶውስ 10 ጋር ኡቡንቱ የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኖበት ነበር። ስለማልጠቀምበት ዲስክ ማኔጅመንት ገብቼ የኡቡንቱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሰረዝኩት። አሁን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ» የሚል ጽሑፍ ያወጣና እዚያው ቀጥ ይላል። ጥገና ቤት ብወስደው «ፎርማት ካልሆነ አይሆንም» አሉኝ። የእድራችን የአባላት መዝገብና የመዋጮ ሂሳብ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። እባካችሁ እርዱኝ።

ከቱሉ ዲምቱ
የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክተው በእሱ ያስነሱት። ሺፍትና ኤፍ 10 ሲጫኑ ትእዛዝ መጻፊያው ይከፈታል፤ እዚያ ላይ «ቡትሬክ» በሚባለው ትእዛዝ ኤምቢአሩን (ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ማስነሻ ኮድ) ያስተካክሉ።

ጥገና የምሠራ፣ ለቡ
እህቴ፣ ፎርማት እንዳያስደርጉ! ዊንዶውስም ፋይሎችዎም በቦታቸው ናቸው። ኡቡንቱ ሲጫን ግሩብ የሚባል የራሱን ማስነሻ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ግሩብ ደግሞ ቀሪ ፋይሎቹን የሚያነበው ከኡቡንቱ ፓርቲሽን ነው። ያ ስለጠፋ የሚሄድበት አጥቶ ቆመ።

ቡትሬክ ለድሮው የኤምቢአር አነሳስ ነው የሚጠቅመው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የወጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን አነሳስ የሚጠቀሙ ናቸው፤ እነሱ ላይ የዊንዶውስ ማስነሻ ኢኤፍአይ በምትባል ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ከግሩብ ጎን ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ የዊንዶውስ መጫኛውን ያን ሁሉ ጊጋባይት ለማውረድ የኢንተርኔት ዳታዎን ከመጨረስዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

አጥፍተው ያብሩትና ወዲያው ኢስኬፕን ደጋግመው ይጫኑ። ዝርዝር ሲመጣ ኤፍ 9፤ ከዚያ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለውን ይምረጡ። ከገባልዎ ከሁሉ አስቀድመው መዝገቡን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ ሰፈራችሁ መብራት አይታመንም። ከዚያ እንደገና ሲያስነሱ ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ኤፍ 10 ብለው ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ይግቡ፤ በቡት ቅደም ተከተሉ ዊንዶውስን ከኡቡንቱ በላይ አድርገው ሴቭ ብለው ይውጡ። ኤፍ 9 ላይ የዊንዶውስ ስም ጨርሶ ካልታየና የሃርድ ዲስኩ ስም ብቻ ካለ ግን አነሳሱ የድሮው ሊሆን ስለሚችል የቱሉ ዲምቱው ወንድማችን ወዳለው እንሄዳለን።

ከሰንዳፋ
ዴል ላላችሁ የማስነሻ ዝርዝሩን የሚያመጣው ቁልፍ ኤፍ 12 ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የበራበት ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል አትደንግጡ። ማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ተቀምጦ ከሆነ በስልክ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ።

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጬ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኤፍ 9 ላይ ስሙ ነበር፣ ገባልኝ። መዝገቡን ገልብጬ ቅደም ተከተሉንም ቀይሬያለሁ። ከኡቡንቱ የተረፈውን ባዶ ቦታ ሲ ላይ ልጨምር ስል ግን «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚለው ደብዝዞ አልጫን አለኝ። ምን ላድርግ?

ጥገና የምሠራ፣ ለቡ
እሰይ! ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በቀኝ በኩል ካልተያያዘ አይቀበልም፤ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ሪከቨሪ (የዊንዶውስ መጠገኛ) ፓርቲሽን ይገባል። እሱን አይንኩት። 100 ሜጋባይት ገደማ የምትሆነውን ኢኤፍአይንማ በፍጹም፤ እሷ ከጠፋች ዊንዶውስም አይነሳም። ባዶው ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ይበሉና ዲ ብለው ይጠቀሙበት።