ክርክር፦ ከሲቪ ላይ ስም ቢሸፈን አድልዎ ይቀራል?

አወያይ፦ አመልካቾች ሲጣሩ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜና ፎቶ ይሸፈን ወይስ ይታይ? በደፈናው ከመደገፍና ከመቃወም አሠራሩን አምጡ።

ሚዛን፦ ይሸፈን። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው የቤርትራንድና የሙላይናታን ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ የፈጠራ ሲቪ ላከ፤ ስሙ በዕጣ የተመደበ ነው። የነጭ የሚመስል ስም የያዙት ከጥቁር ከሚመስሉት በ50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። አጣሪው ባላየው ነገር ሊያዳላ አይችልም።

ነቄ፦ ወንድሜ፣ በሽታውን አውቀኸዋል፤ መድኃኒቱ ላይ ነው የምንለያየው። ፈረንሳይ ውስጥ ስም አልባ ሲቪ ሲሞከር ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡት የመጠራት ዕድላቸው ጭራሽ ቀነሰ። ለሙከራው የፈቀዱት ድርጅቶች ቀድሞውንም ለእነሱ በጎ አመለካከት የነበራቸው ናቸው። ስሙ ሲጠፋ ሲቪው ላይ ያለውን ክፍተት ከኑሮው ጋር አገናዝቦ የሚያይ አጣሪም ጠፋ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተደረገው ሙከራም ሴቶችን አልጠቀመም፤ ኃላፊዎቹ ስም ሲያዩ ለሴቶች ያደሉ ነበርና።

ሚዛን፦ እንግዲያው አድልዎ ያለበት ቤት ይሸፈን፣ የሌለበት ይተው።

ነቄ፦ የትኛው ቀጣሪ ነው «እኔ ጋ አድልዎ አለ» የሚለው?

መዝገብ፦ ማንም እንዲል አትጠብቁ፤ ቁጥሩን እዩ። አሜሪካኖች በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአራት አምስተኛ መለኪያ አለ፤ የአንዱ ወገን የማለፍ መጠን በብዛት ካለፈው ወገን መጠን ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ያጠራጥራል። ከ60 ወንድ አመልካቾች 30 ካለፉ 50 በመቶ፣ ከ40 ሴቶች 12 ካለፉ 30 በመቶ ነው። 30 ለ50 ሲካፈል 60 በመቶ ይመጣል፤ ከ80 በታች ስለሆነ ይመርመር ማለት ነው እንጂ ጥፋተኛ ተገኘ ማለት አይደለም። አመልካቾቹ አምስት ስድስት ብቻ ከሆኑ ግን ስሌቱ ዋጋ የለውም። ማጣሪያው፣ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ለየብቻ ይሰላ። ሴቶቹ የሚወድቁት ቃለ መጠይቅ ላይ ከሆነ ሲቪ መሸፈን ከንቱ ድካም ነው።

መሸፈኑ ራሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ነው የሚሠራው። ስም ይጠፋል፤ ኢሜሉ ላይ ግን ሙሉ ስም አለ። የምረቃ ዓመቱ ዕድሜ ይናገራል። «የሴት መሐንዲሶች ማኅበር ጸሐፊ» የሚለው መስመርም እዚያው ነው። የፋይሉን ስም ማን ያስታውሳል? ሸፋኙ ከአጣሪዎቹ ውጭ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሲቪ ቁጥር ይስጥ፣ የስምና የቁጥሩን ዝርዝር ለብቻው ያስቀምጥ።

ነቄ፦ አካል ጉዳተኛውስ? እሱንም ሸፍናችሁ አሳንሰር ወደሌለው ሦስተኛ ፎቅ ልትጠሩት ነው?

መዝገብ፦ ለሁሉም አመልካች «ለቃለ መጠይቁ ምን ይመቻችልዎ?» የሚል ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሱ ቀጠሮ ለሚይዘው ሰው ብቻ ይድረስ።

ሚዛን፦ ቃለ መጠይቁን በምን ታስተካክለዋለህ?

መዝገብ፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ። ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ነጥብ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ። ጠያቂዎቹ ነጥባቸውን ሳያስረክቡ ወሬ የለም፤ አለቃው መጨረሻ ይናገር። ወረቀቱ ላይ 3 ተሰርዞ 4 ተጽፎ ካያችሁ፣ አለቃው ቀድሞ ተናግሮ ሊሆን ይችላል። «ከእኛ ጋር ይሄዳል» የሚለው ዓምድም ይሰረዝ፤ የሚመሳሰለንን ሰው የምናስገባው በእሱ በኩል ነው።

ነቄ፦ ዓምዱ ላይ ተስማማን። ስሙ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም።