ኮድ ሪቪው ላይ፦ += ፣ ጆይን ወይስ ትራንስሌት?

ጀማሪው_ዴቭ፦
ሰላም ቤተሰብ። በፓይተን የአማርኛ ጽሑፍ የሚያስተካክል ኮድ ጽፌያለሁ፤ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይራል። አምስቱም ከነሰባት ድምፃቸው ስለሆኑ 35 ሪፕሌስ (አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካ ትእዛዝ) ተደርድሯል። የተስተካከሉትን መስመሮች ደግሞ ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ በ+= ፣ ማለትም ባለው ጽሑፍ ላይ አዲሱን በመጨመር፣ እቀጥላቸዋለሁ። ሪቪው ያደረገልኝ (ኮዴን የገመገመልኝ) ልጅ «+=ን በጆይን (ብዙ ጽሑፎችን በአንዴ በሚያያይዘው)፣ ሪፕሌሱን በትራንስሌት (ፊደላትን በሠንጠረዥ በሚቀይረው)፣ ፐርሰንቱን (በ% እሴት ማስገባቱን) ሁሉ በኤፍ-ስትሪንግ (እሴቱ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ በሚጻፍበት) ቀይር፤ ይፈጥናል» አለኝ። ኮዱ እኮ ይሠራል። ሁሉንም ልቀይር ወይስ ልከራከር?

ሌሊት_ፈረቃ፦
ጆይኑ ላይ አትከራከር። ስትሪንግ (ኮድ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም፤ በ+= በቀጠልክ ቁጥር እስካሁን ያጠራቀምከው ሁሉ እንደ አዲስ ሊገለበጥ ይችላል። «እኔ ጋ ፈጣን ነው» ካልክ ሲፓይተን (የተለመደው ፓይተን) አንዳንዴ እዚያው ቦታው ላይ ስለሚያሰፋልህ ነው። ስትሪንጉን የኦብጀክት አትሪቢዩት (እንደ self.x ያለ) ስታደርገው ግን ያን እርዳታ ታጣለህ። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያው ፔፕ 8 ራሱ በዚህ አትመኩ ይላል። መስመሮቹን ሊስት (ዝርዝር) ላይ አጠራቅምና መጨረሻ ላይ አንዴ ጆይን አድርግ። ሦስት ቃል ለማያያዝ ጆይን ብትጽፍ ግን እኔም አላሳልፍህም 😄

ፊደል_ወዳድ፦
ትራንስሌት «ይፈጥናል» የሚለውን ሳትለካ አትቀበል። ሪፕሌስ ጽሑፉን 35 ጊዜ ቢያስስም ሥራው በፈጣኑ የሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉን ካላገኘ ያንኑ ስትሪንግ ሳይገለብጥ ይመልስልሃል። ትራንስሌት የሚያልፈው አንዴ ነው፤ ግን የእኛን ፊደል አንድ በአንድ ከዲክሽነሪ (የትኛው ፊደል በየትኛው እንደሚተካ ከያዘው ሠንጠረዥ) እየፈለገ። የፓይተኑን የፍጥነት መለኪያ ታይምኢትን በራስህ ፋይል ላይ አሂደው።
እኔ ትራንስሌትን የምመርጠው ለሌላ ነገር ነው። ነገ ሃንም ወደ ሀ ልቀይር ብትልና ያ ሪፕሌስ ሓን ወደ ሃ ከሚቀይረው ቀድሞ ቢገባ፣ ሓ የነበረው ሁሉ ሃ ሆኖ ይቀርልሃል። ስህተቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ሠንጠረዥ ላይ ግን ሓን በቀጥታ ሀ ብለህ ትጽፋለህ፤ የቅደም ተከተል ጣጣ የለም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ሎጊንግ (የፕሮግራሙን ክንውን መመዝገቢያ) ውስጥ ያለውን ፐርሰንት-ኤስ (%s፣ እሴት የሚገባበት ቦታ) አትንካ። እሴቱን በኮማ ለይተህ ካቀበልከው፣ ያ የሎግ ደረጃ ሲዘጋ ስትሪንጉ ጭራሽ አይዘጋጅም፤ ኤፍ-ስትሪንግ ግን ተፈለገም አልተፈለገም ቀድሞ ያዘጋጀዋል። ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ) ላይማ ኤፍ-ስትሪንግ በፍጹም! እዚያ ጉዳዩ የፍጥነት ሳይሆን የኢንጀክሽን (ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ የመግባት አደጋ) ነው።

ጀማሪው_ዴቭ፦
ተባረኩ። ጆይኑን አስገባሁ፣ ሎጉን ተውኩት። ትራንስሌቱን ልለካው ነው። ሠንጠረዡን ፋንክሽኑ ውስጥ ላድርገው ወይስ ውጭ?

ፊደል_ወዳድ፦
ውጭ። ሠንጠረዡን የሚሠራውን ሜክትራንስን በየጥሪው ካሠራኸው የምትለካው እሱን ይሆናል።