ቴኔሪፌ ላይ የቴይዴ ጉብኝት ቅደም ተከተል፦ መላ አምጡልን

ከደብረ ማርቆስ ወደ ስፔኗ ደሴት ቴኔሪፌ ለአምስት ቀን የምንሄድ የፊዚክስ መምህራን ነን፤ የቀኖቹ አደራደር ግራ አጋብቶናል። የቴይዴ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ አካላት መመልከቻ ጣቢያው) 2,390 ሜትር ላይ ነው፤ ከከተማችን ከፍታ ብዙም አይለይም፣ እሱ አያሳስበንም። ጉብኝቱም አስቀድሞ ተይዞ፣ ቀን ላይ፣ ከአስጎብኚ ጋር ነው።

የጨነቀን የቴይዴ ተራራ ኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው መጓጓዣ) ነው። እስከ 3,555 ሜትር ያወጣል፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ይቆማል። ከዚያ በላይ እስከ 3,715 ሜትሩ ጫፍ በእግር ለመውጣት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም ለተያዘበት ቀንና ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ነፋስ ከተነሳ ሁለቱም አብረው ይቀራሉ።

ተራራውን በመጀመሪያው ቀን ይዘን ኋላ መጠባበቂያ እንተው ወይስ ኦብዘርቫቶሪው ይቅደም? ለነፋስ ቀን እዚያው ደሴት ላይ ላ ላጉና ከተማ ያለውን የሳይንስና የኮስሞስ ሙዚየም አስበናል። የኮከብ ማያውን ሌሊት ግን ጨረቃ ስለማትኖር መቀየር አንችልም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።